የትኛው ሌዘር ነው ዓይን የሚያወጣው?

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አላወራም። ስለ ሌዘር ነው። አይ፣ ስለ ጃኬቱ አይደለም! እናቴም እንደናንተው ተሳስታ ነበር። በስልክ «እማ፣ ለአጎቴ ልጅ ሌዘር ገዝቼለታለሁ» ብላት፣ «እሰይ ልጄ፣ የዘንድሮን ብርድ ይችልበታል» ብላ መረቀችኝ። እኔ የምለው ግን ያንን እንደ እስክሪብቶ ኪስ ውስጥ የሚሻጠውን፣ ጫን ሲሉት ግድግዳ ላይ ቀይ ወይ አረንጓዴ ነጥብ የሚያሳርፈውን መብራት ነው። ቀልድ የመሰለኝ ነገር ቤታችን ገብቶ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዓይን ላይ ጠባሳ ጥሎ ሄደ። ያስገባሁትም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትውልዴ ብልባላ ነው። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ የሚባሉት ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት አገር ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ መንገዱ ሲፈቅድ ለገና ብቅ እላለሁ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ላሊበላ ላይ አስጎብኚ ነው። ባለፈው ገና ከመነሳቴ በፊት ደወለና፣ «አንተ ልጅ፣ ስትመጣ ከመርካቶ ሌዘር ይዘህልኝ ና፤ ጣሪያውን ሳሳይ ጣቴ አይደርስም» አለኝ።

ላሊበላን የተሳለመ ሰው ይሄን ችግር ያውቀዋል። ቤተ ማርያም ሲገቡ ዓይን ከውጪው ፀሐይ ወደ ጨለማው እስኪለምድ ጊዜ ይፈጃል። ቅስቱ፣ ሐረጉ፣ ስዕሉ፣ የሚያስደንቀው ሁሉ ያለው ደግሞ ከላይ ነው። በባትሪ ቢያበሩበት ሁሉንም ያበራዋል እንጂ «ይቺን እዩ» ብሎ አይለይም። በዱላ እንዳይነኩት ደግሞ ነገሩ የስንት መቶ ዓመት ቅርስ ነው!

መርካቶ ሄድኩ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ቁልፍ ማንጠልጠያ የመሰለ፣ የሰዓት ባትሪ በሚመስሉ ክብ ባትሪዎች የሚሠራ ቀይ ነው። ሁለተኛው ሁለት የሪሞት ባትሪ የሚጎርስ፣ ረዘም ያለ አረንጓዴ። ሦስተኛው ከውጪ ሲያዩት ከአረንጓዴው የማይለይ፣ ሲበራ ግን ሐምራዊ የሆነ። «ቀዩ የልጅ መጫወቻ ነው፤ አረንጓዴው ግን ጨረቃ ይነካል!» አለኝ። «ሐምራዊውስ?» ስለው ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ፣ «እሱ ደከም ያለ ነው። ሁለቱን ከወሰድክ ምርቃት አድርጌ እሰጥሃለሁ» አለ። ሦስቱም ላይ «ከ5 ሚሊዋት በታች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔም አምኜ ወሰድኩ። ምርቃት ማን ይጠላል?

ብልባላ በደረስኩበት ማታ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበብኝ። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ደጃፉን ሞሉት፤ እኛም ሦስቱን ማወዳደር ጀመርን። ቀዩ በረት ግድግዳው ላይ ደማቅ ነጥብ ጣለ። ወደ ማዶው ገደል ስናዞረው ግን የት እንደገባ ጠፋን። አረንጓዴው ሌላ ነገር ነው። ነጥቡ ብቻ ሳይሆን መስመሩ ራሱ አየር ላይ እንደ ክር ተወጥሮ ይታያል። ልጆቹ «ዋው!» እያሉ ተንጫጩ። ሐምራዊው ሲመጣ ሁሉም ቀዘቀዙ። ግድግዳው ላይ ያረፈው ድፍርስ ያለ፣ ዳር ዳሩ የማይለይ ነገር ነው። ይሄኔ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከማድቤት ወጣች። የእህቴ ልጅ ሐምራዊውን ነጠላው ላይ ቢያሳርፈው ጨርቁ ከውስጡ እንደበራ ሁሉ ቦግ አለ! «በስመ አብ! ምን አበራችሁብኝ?» ብላ ተመልሳ ገባች። ያያቴ አሮጌ ጋቢ ላይ ብንሞክረው ግን ብዙም አልበራም።

ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ነጠላው የታጠበው በኦሞ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ጨርቅን ነጭ የሚያስመስል ንጥረ ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ሐምራዊ ብርሃን ሲመታው ወደ ሰማያዊ ነጭ ለውጦ መልሶ ያበራል። ያያቴ ጋቢ በእንዶድ የታጠበ ነው፤ እንዶድ ይሄ የለውም። ይሄን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፤ ያን ማታ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልናዘዝ። ቀዩን ወዲያ ወዲህ ስናዞር ነጥቧ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን በር ላይ አረፈች። አያ ከደጅ ቆመው ነበር። ነጥቧን ሲያዩ ኩራዙን አጥፍተው መሬት ላይ ተኙ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት፣ ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ባልራቀው አገር ሰው ላይ ቀይ ነጥብ ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ቀበጥ አላሰብኩትም። በማግስቱ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ተወው ልጄ፣ ነፍሴ ናት የፈራች» አሉኝ።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። ማታው እየገፋ ሲሄድ ያ ጀግናው አረንጓዴ ጠፋ ብቅ፣ ጠፋ ብቅ ይል ጀመር። ባትሪው አልቆ መስሎኝ ነበር። ብብቴ ሥር ሸጉጬ አሙቄው ስመልሰው እንደገና በራ። ለካስ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ አይወለድም! ውስጡ ያለው መነሻ ብርሃን በዓይን የማይታይ፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው። እሱ በሁለት ክሪስታሎች ውስጥ አልፎ ነው 532 ናኖ ሜትር ወደሚባለው አረንጓዴ የሚለወጠው። ክሪስታሎቹ ደግሞ ብርድ አይወዱም። የገና ሰሞን የላስታ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቆረጥም ለሚያውቅ ሰው የቀረውን መንገር አያስፈልገኝም። ቀዩና ሐምራዊው ይሄ ጣጣ የለባቸውም። 650 ናኖ ሜትር የሆነው ቀይ ዲቪዲ የሚያነበው ብርሃን ነው፤ 405 የሆነው ሐምራዊ ደግሞ ብሉሬይ የሚያነበው። ሁለቱም በቀጥታ ከትንሿ ዲዮድ ይወጣሉ።

የገና ዋዜማ ቀዩንና አረንጓዴውን ይዤ ወደ ላሊበላ ወረድኩ። ሐምራዊውን «ለአስጎብኚ አይረባም» ብዬ ቤት ሣጥን ላይ ተውኩት። ይቺን አስታውሱልኝ።

የአጎቴ ልጅ በአረንጓዴው አበደበት። ሊሞክረው ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ዕጣን ታጥኖ ነበርና ጭሱ ውስጥ ያ አረንጓዴ መስመር ከወለል እስከ ጣሪያ እንደ ሰይፍ ተመዘዘ። ጥግ ላይ ዳዊት ይደግሙ የነበሩ አባት ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ እኛ በጧፍ ነው ስናሳይ የኖርነው። ይሄ ደግሞ የምን ጦር ነው?» አሉን። አፈርን። የአጎቴ ልጅም ኋላ ላይ የነገረኝ ነገር ልክ ነው፦ ሰው ሐረጉን ትቶ መስመሩን ነው የሚያየው። ቀዩ ግን ትንሽ ነጥብ ብቻ ጥሎ ዝም ይላል። ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል? አሁን የሚሠራበት በቀዩ ነው።

ማለዳ በቤተ ማርያም አናት ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ሰምቼ፣ ተባርኬ፣ በሁለተኛው ቀን ብልባላ ተመለስኩ። የእህቴ ልጅ ዝም ብሏል። ገና ጨዋታ ደክሞት ይሆናል ብዬ አዲስ አበባ ገባሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች። «ልጁ ማንበብ አቃተው። አስተማሪው ሰሌዳው አይታየውም አለኝ። እኔ እንጃ፣ ዓይን በልቶት ይሆናል» አለችኝ። ጸበል ወስዳዋለች። ብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳው ውስጥ የሚኖሩትን ንቦች ማርም አቅምሳዋለች። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ይሄን አላቃልልም። ግን ልጁን ስልኩ ላይ እንድታቀርብልኝ ለመንኳት።

«ምን ሆነሃል?»

«ጋሼ፣ ከፊደሉ መሃሉ ተበልቷል።»

«እንዴት ማለት?»

«ማየት የፈለግሁት ይጠፋል። ያልፈለግሁት ይታያል።»

ከዚያ ቀስ በቀስ አወጣሁት። እኔ ላሊበላ ሳለሁ ሐምራዊውን ከሣጥን ላይ አንስተው ውርርድ ገጥመዋል። «ማን ብዙ ይቆጥራል?» ነው ውርርዱ። አንዱ ዓይን ላይ ያበራል፣ ሌላው ሳያርገበግብ እያየ ይቆጥራል። በአረንጓዴው እንዳይሞክሩ እኔ ማታውኑ «ይሄ ዓይን ያጠፋል» ብዬ አስፈራርቻቸው ነበር። ስለ ሐምራዊው ግን ምንም አላልኩም። ደካማ ነዋ! ልጁ ሃያ ድረስ ቆጥሮ አንደኛ ወጣ።

መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ጊዜ እህቴ ልጇን ይዛ በጋሸና፣ በወልድያ አድርጋ ደሴ ደረሰች። እኔም ከዚህ ሄጄ ተገናኘን። የዓይን ሐኪሙ ተረጋግተው የሚያስረዱ ትልቅ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት፣ «በየትኛው ቀለም ነው የተጫወታችሁት?» ብለው ነው። ሐምራዊ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌዘሩን ይዤ ነበርና «ከ5 ሚሊዋት በታች» የሚለውን ወረቀት አሳየኋቸው። «ወረቀት ማንም ይለጥፋል» አሉኝ።

ያስረዱኝን፣ እኔም በኋላ አንብቤ የጨመርኩበትን እንደገባኝ ልንገራችሁ።

የሰው ዓይን ቀለማትን እኩል አያይም። በብርሃን ጊዜ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ቢጫ ነው። ስለዚህ 532 የሆነው አረንጓዴ ሌዘርና 650 የሆነው ቀይ ጉልበታቸው እኩል ቢሆን እንኳ አረንጓዴው ስምንት እጥፍ ያህል ደምቆ ይታየናል። ሻጩ «ጨረቃ ይነካል» ያለው ይሄንን ነው፤ የጠነከረው መብራቱ ሳይሆን ዓይናችን ያዳላው ነው። 405 የሆነው ሐምራዊ ደግሞ እኩል ጉልበት ይዞ ከአረንጓዴው ድምቀት መቶኛውን ያህል እንኳ አይታይም። ደከመ ያልነው ሌዘር አልደከመም። እኛ ነን ያላየነው።

መዘዙ እዚህ ላይ ነው። ደማቅ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሳናስበው እንጨፍናለን፤ ይሄ ከሰከንድ ሩብ ያህል ጊዜ ውስጥ የሚሆን ነው። ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ ሌዘር ብዙም አይጎዳም የሚባለው ይቺ ርግብግቢት ስለምታድነን ነው። ሐምራዊው ግን ዓይን ደማቅ ነው ብሎ ስለማይቆጥረው ቅንድብ አያስከድንም። ልጁ ሃያ ድረስ መቁጠር የቻለው ጀግና ስለሆነ አይደለም። በዚያ ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃን ከሙቀቱ ሌላ የዓይንን የውስጥ ሽፋን በኬሚካል መንገድም ይጎዳል። የልጅ ዓይን መስታወት ደግሞ ከትልቅ ሰው የጠራ ስለሆነ ብዙውን ያሳልፈዋል።

«ግን እኮ ከአምፖል ያነሰች መብራት ናት!» አልኳቸው። ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «ልጅ ሆነህ በማጉያ መነጽር ወረቀት አቃጥለህ አታውቅም?» የአምፖል ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። የሌዘር ብርሃን ግን ሳይበተን ቀጥ ብሎ ይመጣና የዓይናችን መስታወት ሰብስቦ ከፀጉር ውፍረት ባነሰች ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። በዚያች ነጥብ ላይ ከፀሐይ ይበረታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላስታ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትሆን «በባዶ ዓይን እንዳታዩ» ተብለን ነበር፤ ያኔ የሰማነውን ምክር ለኪሳችን ሌዘር ረሳነው። ሕመም የለውም፣ ምክንያቱም ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ልጁ ምንም ሳይሰማው ነው የተቃጠለው፤ የተቃጠለውም ትኩር ብለን የምናይበት መሃሉ ነው። «ማየት የፈለግሁት ይጠፋል» ያለው ቃል በቃል ልክ ነበር።

ታዲያ አረንጓዴውስ ነፃ ነው? ኧረ ወዲያ! ቅድም እንዳልኳችሁ ውስጡ የማይታይ ኢንፍራሬድ አለ። በደንብ የተሠራው ያንን የሚያስቀር ማጣሪያ አለው፤ የርካሹ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ባለሙያዎች 10 ሚሊዋት ተብሎ የተሸጠ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ለክተው ነበር። አረንጓዴው ብርሃን ደብዛዛ ሆኖ ሳለ 20 ሚሊዋት ያህል ኢንፍራሬድ ይረጭ ነበር። ያን ማታ ብብቴ ሥር ያሞቅሁትን ሌዘር ሳስብ አሁንም ይቀፈኛል። በብርድ ሲደበዝዝ «ሞተ» ብሎ አፉን ወደ ዓይን አዙሮ የሚያይ ልጅ አይጠፋም። ሲደበዝዝ አትመልከቱት፤ ባትሪውን አውጡ።

ሰማያዊ የሚባልም አለ፣ 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ጉልበታቸው በሚሊዋት ሳይሆን በዋት የሚቆጠር፣ እንጨትና ክብሪት የሚያነዱ ናቸው። ግድግዳ ላይ ያረፈ ነጥባቸውን ቀርቦ ማየት ራሱ ይጎዳል። እንዲያው አትግዙት።

እንግዲህ «ልግዛ ወይስ አልግዛ?» ለምትሉኝ፦ አስጎብኚ ወይም አስተማሪ ከሆናችሁ ከ1 ሚሊዋት የማያልፍ ቀይ ይበቃችኋል። በአሜሪካ ለማመልከቻ የሚሸጥ ሌዘር እስከ 5 ሚሊዋት ይፈቀዳል፤ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ግን ከ1 እንዳይበልጥ ነው የሚመክሩት፣ እኔም ከእንግሊዞቹ ጋር ነኝ። ቀይ ስታማርጡ 635 የሚል ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ ጉልበቱ ሳይጨምር ከ650ው ሁለት እጥፍ ያህል ይደምቃል። አረንጓዴው የሚያስፈልገው ሰው ካለ ማታ ኮከብ የሚያስቆጥር ሰው ነው፣ መስመሩ ሰማይ ላይ ስለሚታይ። እሱም ቢሆን አውሮፕላን ወዳለበት እንዳያዞር። ላሊበላ ላይ ሊያርፍ የሚወርድ አብራሪ በዚያ ተራራ መሃል ዓይኑ ለአንድ አፍታ ቢጭበረበር ምን እንደሚሆን አስቡት። ሐምራዊውን ግን በምርቃትም አትውሰዱት።

ልጃችሁ በሌዘር ተጫውቶ ከሆነ ደግሞ ይቺን ዛሬ ማታ ሞክሩ። የሒሳብ ደብተሩን፣ ካሬ ካሬ ያለበትን ገጽ ግለጡ። መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። አንድ ዓይኑን ይሸፍንና ነጥቧን እያየ መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ይታዩት እንደሆነ ጠይቁት፤ ከዚያ ሌላውን ዓይን። «ተጣሟል» ወይም «እዚህ ጋ የለም» ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ልጆች በሁለት ዓይን ሲያዩ አንዱ የአንዱን ቀዳዳ ስለሚሸፍን ሳይናገሩ ይቆያሉ። ቁጣ ፈርተውም ይደብቃሉ፤ የኛው ሦስት ሳምንት ነው የደበቀው።

ሐኪሙ አስተማማኝ መድኃኒት እንደሌለው፣ አንዳንድ ልጅ በወራት ውስጥ ሻል እንደሚለው፣ አንዳንዱ ግን እንደዚያው እንደሚቀር ሳይሸነግሉ ነገሩን። ቀኝ ዓይኑ ተሽሎታል። የግራው ቀዳዳ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። አስተማሪው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ እሱም ሲያነብ አንገቱን ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበል ለምዷል። ሌዘሩን እህቴ በሙቀጫ ዘነዘና አደቀቀችውና ሽንት ቤት ጨመረችው። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ከትናንት ወዲያ ደውዬ ነበር። ስለ ትምህርቱ ስጠይቀው አልፎኝ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ያያ እማ ጋቢ በኦሞ ቢታጠብ ይበራ ነበር?» አለኝ። «ይበራ ነበር» አልኩት። «እኔም ለልጆቹ እንደሱ ነው ያልኳቸው» አለና ስልኩን ለእናቱ ሰጣት። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።